ያ በሬ ለምን ተመለሰ?

ሁሉ ነገር የተበላሸው ሞጣ ላይ፣ አንድ የጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እንዴት እንደተበላሸ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ኮሪያ ድራማ እናውራ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ቂም የያዘ ሰው የማያገናኘው ነገር የለም።

የእስያ ድራማ የማያይ ሰው ካለ እጁን ያውጣ ብል ቢቸና ውስጥ ብዙ እጅ ይወጣል። ውሸታቸውን ነው። «እኔ እንኳ አላይም፤ ልጆቹ ሲያዩ በዚያ ሳልፍ ነው» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ የባለታሪኩን እናት ክፋት ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። እኔ አልደብቅም፤ አያለሁ። አይቼም እናደዳለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ መጥፎነታቸው አይደለም። መጥፎ ድራማ ምን ያናድዳል? ጣቢያውን መቀየር ነው። እኔን የሚያናድደኝ አጀማመራቸው ማማሩ ነው። አቤት ሲጀምሩ! የመጀመሪያውን ክፍል ስታዩ እራታችሁን ትረሳላችሁ፤ ሁለተኛው ላይ ስልካችሁን ታጠፋላችሁ። ሦስተኛው ላይ ዝናብ ይዘንባል። ከዘነበ በኋላ ታሪክ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጃንጥላ ነው። ልጅቱ ትደናቀፋለች፣ ልጁ ይይዛታል፣ አያያዙንም ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ እያዞሩ ያሳዩናል፤ ያን ሁሉ ተስፋ የጣልንበት ጉዳይ ጥጉን ይዞ ይረሳል።

ባለፈው ክረምት የተላለፈውን ውሰዱ። አንድ ዳኛ ይሞታል። ወዲያኛው ዓለም በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው ያስቆመዋል። «በሕይወት ሳለህ አንድ ሰው ላይ ያለ በደሉ ፈርደሃል። ማን እንደሆነ አንነግርህም። ተመለስና ፈልገው፤ ለምን እንደፈረድክበትም ፊት ለፊት ንገረው። ያን ጊዜ በሩ ይከፈትልሃል» ይለዋል። ዳኛው የፈረደውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ ሁሉም ትክክል ይመስለዋል። እስቲ ቆም በሉና አስቡት። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ ያሰኛል። እኔ እንኳ፣ ሰው የፈጠረውን ማመስገን የማይሆንልኝ፣ ማስታወቂያውን ሳይ ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ።

ያጨበጨብኩት ለጥበቡ ብቻ አልነበረም። እኔም ላይ የፈረደ ሰው አለ፤ ከቤቴ ሁለት አጥር ተሻግሮ ይኖራል።

ጋሼ ሙሉዓለም የቀድሞ ርዕሰ መምህሬ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እኔ በቴአትር ተመርቄ አማርኛ እንዳስተምር ተመድቤ ቢቸና ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። (ምደባው ራሱን የቻለ ሌላ በደል ነው፤ ዛሬ አልነካውም።) ለትምህርት ቤቶች ውድድር ቴአትር ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። የአንዲት መበለት በሬ ይሰረቃል፤ ያገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። አውጫጭኝ ላይ ሌባው ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ላም ብትወልድ፣ እህል በዝናብ ቢመታ፣ የለም። ሁሉም ሌባውን ያውቀዋል። ሌባው ጉባኤውን የሚመራው ሹሙ ራሱ ነው። ማን ይናገር? መጨረሻ ላይ መበለቷ ትነሳለች፤ ጣቷን ቀስራ «አንተ ነህ» ትለዋለች፤ መጋረጃ ይዘጋል። በቃ። ጃንጥላ የለ፣ ዝናብ የለ።

ሞጣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቼ ሲጫወቱ ሰው ሲተነፍስ ይሰማ ነበር። መበለቷ ተነሳች። ጣቷን ቀሰረች። ይኸኔ በግራ በኩል በሬው ገባ።

ልድገመው፤ በሬው ገባ። ሁለት ተማሪዎች ከቆዳ ነጋዴ የተዋሱትን ቆዳ ለብሰው፣ ፊተኛው ቀንድ ይዞ፣ ኋለኛው ጎንበስ ብሎ እየተደናበረ መጡ። በሬው ለካ አልተሰረቀም፤ ሽርሽር ሄዶ ነበር! ከኋላው ከበሮ፣ ከከበሮው ኋላ ጨፋሪዎች ተከተሉ። ሹሙ በሬውን አቀፈ። መበለቴም፣ ያቺ ሦስት ወር ያሠለጠንኳት መበለት፣ ጣቷን እንደቀሰረች ትከሻዋን ትነቀንቅ ጀመር። አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

በእኛ በኩል የክብር እንግዳ የተቀመጠበት ዝግጅት በጭፈራ ካልተዘጋ እንደተዘጋ አይቆጠርም፤ ይህን አውቃለሁ። ስለ ወባ የተሠራ ድራማ በሠርግ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ሙሽራው በሽተኛው ነበር። ቢሆንም የእኔ ቴአትር እኮ ጥያቄ ነበረው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሬውን ሳይነግሩኝ ያስገቡትን ጋሼን «ለምን?» አልኳቸው። «ዋንጫውን ያዝልኝ፣ ይንገጫገጫል» ብለው አስታቀፉኝ። አዎ፣ አንደኛ ወጥተን ነበር። ዛሬም ሞጣ ስወርድ «የበሬው መምህር መጣ!» ብለው የሚያቅፉኝ አሉ። በሕይወቴ ያገኘሁት ዝና ይኸው ነው፤ እሱንም በሬው ነው ያስገኘልኝ።

ስለዚህ የዳኛው ድራማ ሲጀምር የቤቴን ዲሽ ነፋስ ሲያዞረው ዝም አልኩት። ድራማውን ጋሼ ቤት፣ የጋሼን ፊት እያየሁ ልከታተለው ወሰንኩ። ከቴሌቪዥናቸው በላይ የተሰቀለው ፎቶ ውስጥ በሬው አለ፤ ጋሼ ቀንዱን ጨብጠውታል።

«ዛሬም ዲሽህ አልተሠራም?» አሉኝ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ።

«ነፋሱ አስቸገረን፣ እትዬ።»

«እንዴት ያለ ነፋስ ነው፣ ያንተን ቤት ብቻ መርጦ የሚነፍስ!» ብለው ወንበር አቀረቡልኝ።

ዘበኛው ለዳኛው ያን ቃል ሲናገር ጋሼ አገጫቸውን ያዙ። «ከባድ ነው» አሉ።

«ምኑ ነው የከበደው፣ ጋሼ?»

«ማንን እንደበደለ አለማወቁ።»

ወንበሬን አስጠጋሁ። «የተበደለው ሰው እኮ ሩቅ ላይሆን ይችላል» አልኩ። «ጎረቤቱ ቢሆንስ?»

«ሽ! አትጩኽ» አሉኝ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ እንደምታውቁት፣ ዘነበ። ዳኛው አንዲት ዳቦ ሻጭ በረንዳ ሥር ተጠለለ፤ እሷም ጃንጥላ ይዛ ወጣች። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በቃ፣ ሞተ!»

«ሞቷል እኮ፣ እትዬ።»

«ዝም በል አንተ፤ የሞተው ገና አሁን ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳኛው ፍርድ የሚባል ነገር ትዝ አላለውም። ትዝ እንዳይለው ደግሞ መኪና ገጨውና ያለፈውን ሁሉ ረሳ። የሞተ ሰው መኪና ገጨው! የዳቦ ሻጯ ሀብታም አክስት መጥታ ፊቱ ላይ ውኃ ደፋችበት። እኔ ግን በየሳምንቱ እሄድ ነበር፤ የተበደለው ሰውዬ ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ በሩን ያንኳኳል እያልኩ። ጋሼ ቆሎ ያቀርቡልኛል፣ እትዬ ተዋናዮቹን ይሰድባሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲህ የሳቅኩበት ክረምት የለም።

የመጨረሻው ክፍል ሠርግ ሆነ። ባሕር ዳርቻ፣ ነጭ ድንኳን፣ አበባ። ያ የወዲያኛው ዓለም ዘበኛ ሳይቀር ከረባት አስሮ ታደመ። ጋሼ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንዴት ያለ አጨራረስ ነው!»

ይኼኔ ተነሳሁ። ሳላውቀው ነው የተነሳሁት። «ሰውዬውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ያለ በደሉ የተፈረደበት! ለምን ብሎ እየጠበቀ የተቀመጠው!»

«ሠርጉ ላይ እሱ ምን ይሠራል?» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ እኔን አዩ፤ ፎቶውን አዩ። ከዚያ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «አንተ ሰውዬ፣ መምህር እኮ የሚያወራው ስለ በሬው ነው! ይኼን ሁሉ ዘመን ስለ በሬው ነው!»

ጋሼ ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ቀነሱ። እኔ እያለሁ ድምፅ ሲቀንሱ ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነው።

«በሬው?»

«በሬው፣ ጋሼ። ለምን አስገቡት?»

ፎቶውን ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር መጣ፤ ልክ ዳኛው በመጀመሪያው ክፍል እንደሆነው። «ያቺ ልጅ ጣቷን ስታነሳ…» አሉ።

«እሺ?»

«ፊት ወንበር ላይ…»

የሙዚቃ ድምፅ ተሰማ። አዲስ ድራማ ጀመረ። አንዲት ምግብ አብሳይ አለች፤ የሠራችውን የቀመሰ ሁሉ የደበቀውን እውነት ያወጣል። ንጉሡ ግብር ላይ እንድታበስል ያስጠራታል፤ ሹማምንቱ በሙሉ ተርበው ተቀምጠዋል፤ መብላት ግን የደፈረ የለም።

«ሽ!» አሉ ጋሼ፣ ድምፁን ጨመሩ። «ይቺስ ትለያለች።»

እና እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት፣ የተበደልኩት፣ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ አጀማመሩ ያምር ነበር!

አሁን ሁለተኛውን ክፍል አይተናል። ዲሼም እንደዞረ ነው። ግን ይህን የጻፍኩት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የታተመ ነገር ሁሉ እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነው። እንግዲህ በሰው ፊት እጠይቅዎታለሁ። ፊት ወንበር ላይ ማን ነበር? ፈርተው ነው? ወይስ ልጅቷን ሊያተርፏት? ወይስ እንዲያው በሬው አምሮዎት? የትኛውም ይሁን፣ አልቆጣም። የሚመጣው ቅዳሜ ሦስተኛው ክፍል ነው፣ ጋሼ። ዝናቡ ሳይጀምር ይንገሩኝ፤ ያንን በሬ ለምን መለሱት?