ለጋላክሲ የድጋፍ ደብዳቤ

አንባቢዬ፣ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ፀሐይ መውጣቷን የማያምን ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን እዚሁ አምቦ ገጥመውኛል፤ የምርምር ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው።

ብዙ ጋላክሲዎች በታጨቁበት ሰማይ መካከል በኤክስሬይ የሚታይ የጋለ ጋዝ አለ። አዲስ ጋላክሲ እዚያ ሲገባ ኮከብ የሚሠራበትን የራሱን ጋዝ ይገፈፋል፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ኮከብ አይወልድም። ይህን ላጥና ብዬ አመለከትኩ።

«መረጃው የሚሰበሰብበት ቀበሌ አልተጠቀሰም» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ።

«ሰማይ ላይ ነው እኮ!»

«ቢሆንም ከሚመለከተው አካል የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ።»

ደሜ ፈላ። ከኮሚቴው አባላት አንድ እንኳ የሳቀ የለም! ዞር ስል ገመቹን አየሁት። አብረን ስንማር ስለ ከዋክብት አውርቶ አይጠግብም ነበር። ኮሚቴ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ኮከብ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ደንብ ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ለካ ለዚህ ጥናት ቴሌስኮፕም አያስፈልገኝም ነበር!