ጎኑ የገባው ጀሪካኔ

የተማረ ሰው የተጣመመ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይችልም! ጀሪካን ካላችሁ ደብቁ።

ክልል ከሆንን ወዲህ አሶሳ ውስጥ ቢሮው በዛ፣ ማህተሙ በዛ... የሰፈራችን ቦኖ ግን ያው አንድ ነው። ወረፋ የሚይዘውም ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ውኃ ሲመጣ ጠባቂው ኢድሪስ ጀሪካኑን እየዳሰሰ ባለቤቱን ይጣራል። ዓይኑ ደክሟል፤ እጁን ግን ያምናል። የእኔን ቢጫ ጀሪካን የሚያውቀው፣ አህያ ረግጦት ጎኑ በመግባቱ ነው።

የልጅ ልጄ ዘሀራ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሽማግሌ ሊጠይቃት በሚመጣበት ዋዜማ፣ ጀሪካኔ አሳፈራትና ቤት የቀረችውን ውኃ አፍልታ ጨመረችበት። የገባው ጎን ቧ ብሎ ተቃና!

ጠዋት ኢድሪስ ዳሰሰው። ደገመው።

"ይህ የማን ነው?"

"የእኔ ነዋ!"

"የእማማ ሐዋማ ጎኑ የገባ ነው።"

"እኔው ቆሜልህ?"

"እኔ የማውቀው ጀሪካን ነው፣ እማማ" ብሎ ወደ ኋላ ገፋው! እንግዶች እየመጡ፣ ቤት ጠብታ ውኃ የለ...

እየተሳደብኩ ቤት ስገባ ዘሀራ ሳቀች።

"እማ፣ የምንማረው እኮ ይህንኑ ነው! ገላችን ውስጥ አርኤንኤ የሚባል ክር አለ፤ በራሱ ላይ ይታጠፋል። አንዳንዱ ፕሮቲን እንደ እጅ ያለ ክፍል አለው። የክሩን ፊደል ከማንበብ ይልቅ እጥፋቱን ዳስሶ ይይዛል። እጥፋቱን ካቃናሽው አያውቀውም።"

"ይህን ፕሮቲን የሚከሰው የለም?"

"ፊደሉን ለውጠሽ እጥፋቱን ብትመልሺው ግን መልሶ ይይዘዋል።"

እንዲህ ነው እንዴ! የእሷን አዲስ ሰማያዊ ጀሪካን ነጠቅኩና ተቀመጥኩበት። ቀላል ሴት አይደለሁም፤ ጎኑ ገባ። ወስጄ ከጠዋቱ ቦታዬ ላይ አኖርኩት። የራሴ ቦታ ነው፤ የማንንም አልወሰድኩም!

ኢድሪስ ዳሰሰው፤ ፊቱ በራ። "እማማ ሐዋ! ይኸው ተገኘ!"

ቢጫው ሰማያዊ ሆኖ... እሱ ምን ገዶት! ሽማግሌዎቹ ጠጡ፣ ዘሀራም ተሰጠች።

በማግስቱ ቦኖ ስደርስ የሰፈሩ ጀሪካን በሙሉ ጎኑ ገብቷል! አይተውኛል ለካ፤ ጎኑ የገባ ይቀዳለታል ብለው! ኢድሪስ እየዳሰሰ "እማማ ሐዋ... እማማ ሐዋ... ይህችም እማማ ሐዋ!" ይላል።

"የእኔ አይደሉም! ለየባለቤቱ ስጥ!"

"እጄ አይዋሽም" አለና ከእኔ በቀር ማንንም አላስቀዳ አለ።

ጎረቤቶቼ ማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይስቃሉ፤ እኔ የሰፈሩን ውኃ እቀዳለሁ። ወረፋው እንኳ በሥርዓቱ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።