ውሃ የጠማው የመሰለን ድንች

ሰው ሲታመም ጠያቂው ሁሉ ሐኪም መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንዱ ዳማከሴ ያዛል፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ዱዓ። ታማሚው ግን ቢያንስ «ኧረ ተዉኝ፣ ያመመኝ ሆዴን ነው እንጂ ራሴን አይደለም» ብሎ መከላከል ይችላል። ድንች ሲታመም ይህን የሚል አፍ የለውም። ዝም ብሎ ይጠወልጋል። እኛ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብንም።

መካነ ሰላም ከተማ ጎረቤቴ የሆነችው ሰዓዳ ወጣትነቷን ዓረብ አገር የሰው ወለል ስትወለውል የጨረሰች ሴት ናት። ስትመለስ ሱቅ አልከፈተችም። ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ከአባቷ የወረሰችውን መሬት በመስኖ ድንች አለበሰችው። «ከእንግዲህ የማጎነብሰው ለራሴ አፈር ነው» ትል ነበር። እኔም ከማሳዋ አጠገብ፣ ከጎመኑ ይልቅ ቅጠሉን የሚመጠው ክሽክሽ የሚፋፋባት አንዲት የጎመን መደብ አለችኝና የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ድንቹ እንዴት አምሮ ነበር መሰላችሁ! በዚያ የሚያልፍ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ «ማሻአላህ» ሳይል አያልፍም። ታናሽ እህቷ ሐያት የእህቷን መንገድ ልትከተል ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ሰዓዳ በየቀኑ ትለምናታለች። «ይህ ድንች እስኪወጣ ብቻ ታገሺኝ። ቀጥሎ ሽንኩርት አብረን እንተክላለን።» ሐያትም የማሳውን ልምላሜ እያየች ልቧ ወደ መቅረቱ ማዘንበል ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥቂት እግር ድንች የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጥውልግ አለ። ቅጠሉ ቢጫ አልሆነም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ነው የተንጠለጠለው። ሲመሽ ቀና ይላል፣ ፀሐይ ስትበረታ መልሶ ይወድቃል። የጠያቂው ሐኪምነት እዚህ ላይ ተጀመረ። አንዱ ዓይን በልቶት ነው አለ፣ ሌላው ውርጭ፣ ሌላው የማዳበሪያ ብዛት። ሰዓዳ መድኃኒት ቤት ሄደች። ሻጩ «ምን ሆኖብሽ ነው?» አላላትም፤ «ትልቁን ልስጥሽ ትንሹን?» ነው ያላት። ትልቁን ገዛች። የትል መድኃኒት ነበር። ማሳው ላይ ግን ትል የሚባል አልነበረም።

ሁላችንም የተስማማንበት ሐሳብ ቢኖር ውሃ ጠምቶታል የሚለው ነው። የጠወለገ ነገር ሌላ ምን ይሆናል? ሰዓዳ የሰው የውሃ ተራ ሳይቀር እየለመነች አጠጣችው። ባጠጣችው ቁጥር የሚጠወልገው በዛ። ከማሳዋ የተረፈው ውሃም በቦዩ ቁልቁል ከሥሯ ወደሚያርሱት ሽማግሌ ወደ ጋሽ ይመር ድንች፣ ከእሳቸውም ወደ ታችኞቹ ይወርዳል።

በመጨረሻ የግብርና ባለሙያዋ መጣች። አንድ የጠወለገ ግንድ ከሥሩ ከፍ አድርጋ ቆረጠችና ንጹህ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክራ ሳታነቃንቅ ያዘችው። «ዝም ብላችሁ እዩ» አለችን። ትንሽ ቆይቶ ከግንዱ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወደ ብርጭቆው ታች መውረድ ጀመረ።

«አጠውልግ ነው። ከዘሩ ጋር የገባ ባክቴሪያ ነው» አለች።

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም፣ ሰዓዳ። ነቅለሽ ከውሃ ርቀሽ በጥልቅ ቅበሪው። ድንችም፣ ቲማቲምም፣ ቃሪያም ለዓመታት እዚህ አይተከልም። ገብስ ሞክሪ። ውሃውንም ከማሳሽ አታስወጪ፤ በሽታው ከውሃ ጋር ይሄዳል።»

ሰዓዳ ቀና ብላ ቦዩን ቁልቁል አየችው። እኛም አየነው።

«እትዬ፣ ዝም በይ» አለች ሐያት ባለሙያዋ ራቅ ስትል። «ከዘሩ ነው ይላሉ፣ ከውርጩ ነው ይላሉ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለቻት።

ያኑ ዕለት ወደ ጋሽ ይመር ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሽማግሌው ድንቻቸው መሃል ቆመው ነበር፤ ገና ደህና ነው።

«ጋሽ ይመር፣ ድንቼ ክፉ በሽታ ይዞታል። ውሃው ደግሞ ወደ እርስዎ ነው የወረደው። ሳላውቅ ነው፤ አፉ ይበሉኝ።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ ትከሻዋን ይዘው። «ሳትደብቂ ስለነገርሽኝ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። እንዲህ ዓይነት ሰው እያለ አገር አይጠፋም አልኩ።

ሰዓዳና ሐያት ጉድጓድ ቆፍረው ድንቹን ሁሉ ቀበሩ፤ ደህና የሚመስለው እንኳ አልቀረም። መንገደኛው ቆሞ «ሰው እየተራበ እህል ትቀብራለች!» እያለ ይራገማል። ሰዓዳ አፈሩን በእግሯ እየረገጠች ታለቅስ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገበያ ወጣ አልኩ። ድንች ተራው በጆንያ ተጨናንቋል። ከጆንያዎቹ ኋላ ጋሽ ይመር ቆመዋል፤ አጠገባቸው የታችኛው ቦይ ሰዎች በሙሉ። አንድ ከከላላ በቅሎ እየሳበ የመጣ ገበሬ ድንቹን ያገላብጣል።

«ለዘር ይሆናል?»

«ለዘር ነው እንጂ!» አሉት።

ከጋሽ ይመር ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አላፈሩም። ጠጋ ብለው «ምን ላድርግ ልጄ? ሳይጠወልግ ልድረስበት ብዬ ነው። እኔም ልጆች አሉኝ» አሉኝ በለሆሳስ።

ገበሬውን ለብቻ ወስጄ ነገርኩት። ድንቹን አየ፣ እኔን አየ። «እንዲህ ወዙ የሚያበራውን? ምነው ወንድሜ፣ ቀናህባቸው?» ብሎ በቅሎውን ጫነ። ሌላው ጆንያ ወረኢሉ የሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አየሁት። ሰዓዳ ዝም ብትል ኖሮ በሽታው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ከድንቹ ጋር ይበሰብስ ነበር። ስለተናገረች በቅሎ ተጭኖለት አገር ለአገር ወጣ። ምን ትላላችሁ?

ስመለስ ሰዓዳ ባዶ ማሳዋ ላይ ገብስ ትዘራለች። ብቻዋን ናት፤ ሐያት ፓስፖርቷን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተሳፍራለች።

«ገበያ ነበርክ አሉ። ጋሽ ይመርን አገኘሃቸው? ድንቻቸውስ?»

«ደርሰውበታል» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ!» አለች፤ ድንቹን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። «እንኳንም ነገርኳቸው።»