ጋቢ የለበሰው ራዲያተር

ሰው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ልብሱን ይቀይራል፤ ፍርሃቱን ግን ይዞት ይወጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በአዋሽ ዳር ፀሐይ አንድ ጊዜ ራዲያተሩ የፈላበት ሾፌር፣ ደሴ ብርድ ላይ ቆሞም የሚፈራው ሙቀትን ነው። አትፍረዱበት። እኛስ ያለፈውን ስንፈራ የመጣውን ሳናይ የቀረንበት ጊዜ ስንት ነው?

የዱብቲው ጎረቤቴ ሰይድ እንዲያ ነበር። ወሎዬ ነጋዴ ነው፤ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ውሃውን አግዶ የሚያቆየውን ቴርሞስታት «ለእኛ አገር ምን ያደርጋል?» ብሎ አስወልቆ ጥሎታል። ለዱብቲ እውነቱን ነው።

አንድ ታኅሣሥ ግን ኩታበር አክስቷ ዘንድ ያለችው ልጁ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቷል፤ በኒካሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ልጅቷ ደግሞ ከአባቷ በቀር ወኪል የላትም፤ እሱ ካልደረሰ ኒካህ የለም። ሰይድ፣ ሚስቱ ዘይነባና እኔ ተሳፈርን። ቤንዚን በኩፖን ነውና የያዝነው ለመንገዱ ልክክ ያለ ነው። ሰዓት እላፊው ኮምቦልቻ አሳደረን፤ ሲነጋ ዳገቱን ጀመርን።

መኪናዋ ታጉረመርማለች፣ ትንፈራገጣለች። የሙቀቱ መርፌ አልነሳም ሲል የቤንዚኑ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ሞተር ጉልበቱ ትንሽ፣ ጥሙ ብዙ ነው። የደጋ ልጅ የሆነችው ዘይነባ «ያገሬ ሾፌሮች ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን በማዳበሪያ ይሸፍኑታል፤ አንተም ሸፍነው» አለችው።

«አፍኜ ልግደላት?» አላት። ይባስ ብሎ ደሴ ላይ ወርዶ «ትንሽ ታናፍስ» እያለ ኮፈኑን ገርበብ አደረገላት። ሳቄ መጣ፤ ልጅቷን ሳስብ ግን ተውኩት።

ደሴን እንዳለፍን ዘይነባ «አቁም» አለች። ለሙሽራው የገዛችውን አዲስ ጋቢ ይዛ ወረደችና ኮፈኑን ዘግታ፣ የራዲያተሩን ፊት ግማሹን ሸፍና በገመድ አሰረችው።

«ወላሂ ከፈላች አንቺን ነው የምጠይቀው!» አለ ሰይድ።

«ጠይቀኝ። ንዳ።»

የሙቀቱ መርፌ እያመነታ ወጣ። መኪናዋም ማጉረምረሟን ተወች። ኩታበር ስንደርስ ሙሽራው ጓዙን ሸክፎ በር ላይ ቆሟል። ኒካሁ ታሰረ፤ ሙሽራውም ከራዲያተሩ የተፈታውን ጋቢ አቧራውን አራግፎ፣ እንደለበሰው ወደ ካምፕ ሄደ።

ከተመለስን በኋላ ሰይድ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሾፌሮችን ሰብስቦ «ብልሃቱ መሸፈን ነው፤ እኔ ወዲያው ነው የገባኝ» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። ዘይነባም ከውስጥ ትሰማለች። ለምን ዝም እንደምትል ጠየቅኳት።

«ልጄን ድሬያለሁ» አለችኝ፤ «ብልሃቱን እሱ ይውሰደው።»