ሳይጠየቅ የተሰጠ ይቅርታ

ኢንተርኔት ላይ ተከራክሮ ሐሳቡን የቀየረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት አይቻለሁ፤ ሁለቱም የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህሮቼ ናቸው።

መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዶክተር ደስታ፣ «ያልተጸጸተን ይቅር ማለት ጥፋቱን ማጽደቅ ነው» ብለው ጻፉ። የልብ ጓደኛቸው ዶክተር ማርቆስ፣ «ይቅርታ ሳይጠየቅም ይሰጣል፤ ትንሽ አንብበው ቢመጡ ጥሩ ነበር» ብለው መለሱ።

ተኮራረፉ። ዶክተር ደስታ ይቅርታ ካልተጠየቅኩ አሉ። ዶክተር ማርቆስም ሳልጠይቅ ይቅር ሊሉኝ ይገባል አሉ። እንዲህ ያለ ወዳጅነት በአንድ መልእክት ይፍረስ?

ሽማግሌዎች ፒያሳ ምግብ ቤት ውስጥ አገናኟቸው። የክፍል ተጠሪ ስለሆንኩ እኔም ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመርቁ ዶክተር ደስታ ተነሡ።

«ማርቆስ፣ ክርክርህ አሳምኖኛል። ሳትጠይቀኝ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«በፍጹም! እኔን ደግሞ ያንተ አሳምኖኛል። መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ!»

«አያስፈልግም አልኩህ!»

«እንዴት አያስፈልግም?»

ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ አሁን ግን አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይዞ ነበር። ምን ዓይነት የተባረከ ሙያ ነው?

አንድ ሽማግሌ ግራ ተጋብተው፣ «ልጄ፣ ታርቀዋል ማለት ነው?» አሉኝ።

መምህሮቼ የቀረበላቸውን ዓሣ እየተጎራረሱ ይጨቃጨቁ ነበር።

«አዎ አባባ፣ በደንብ!» አልኳቸው።