«ሀ» እንጆሪ እና «ለ» እንጆሪ

(የሆስፒታል ጓሮ። አትክልተኛው በላስቲክ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ዘበኛው ፖስታ በብብቱ ሸጉጦ፣ ውስጥ ገብቶ እንጆሪዎቹ ላይ አፍጥጧል።)

አትክልተኛው፦ እንደሱ አይደለም! ቆጣ በል እንጂ! እያባበልካቸው እኮ ነው።

ዘበኛው፦ ምን አጥፍተው ነው የምቆጣቸው ጋሼ?

አትክልተኛው፦ ምንም! ችግሩም እሱ ነው፣ ተመችቷቸዋል። ተክል ፀሐይ ሲለበልበው፣ ተባይ ሲነክሰው፣ ራሱን ሊከላከል ብሎ ንጥረ ነገር ያመርታል። ያ ንጥረ ነገር ለእኛም ይበጃል። እነዚህ ግን ላስቲክ ለብሰው፣ ማዳበሪያ ጠግበው ተሞላቀቁ። ትንሽ መጨነቅ አለባቸው።

ዘበኛው፦ ታዲያ ላስቲኩን ብንገልጠውስ?

አትክልተኛው፦ ስንት የደከምኩበትን! አስፈራራ አልኩህ!

ዘበኛው፦ (ወደ አንዱ እንጆሪ ጎንበስ ብሎ) መታወቂያ!

አትክልተኛው፦ ጎሽ!

ዘበኛው፦ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል! ማንን ፈልገህ ነው? (ቀና ብሎ) ጋሼ፣ ቀላ።

አትክልተኛው፦ ድሮስ ቀይ አይደለም እንዴ?

ዘበኛው፦ መታወቂያ የረሳ ሰውም እንዲሁ ነው የሚቀላው። ልፈትሸው?

አትክልተኛው፦ ፈትሸው!

ዘበኛው፦ (ቅጠሉን እየገለጠ) አንድ ቀንድ አውጣ ተገኝቷል። ላስወጣው ወይስ በሥራው ይቀጥል?

አትክልተኛው፦ ይቀጥል። ቆይ፣ በብብትህ የያዝከው ምንድን ነው?

ዘበኛው፦ የሁለታችን እንጆሪ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ጠዋት ነው የሰጡኝ።

አትክልተኛው፦ እና እስካሁን መታወቂያ ስትጠይቅ ትውላለህ?

ዘበኛው፦ ቆጣ በል ሲሉኝ ነዋ።

አትክልተኛው፦ የሆስፒታሉ ኃላፊ ያሉትን ረሳኸው? በንጥረ ነገር ያነሰው መደብ ተነቅሎ ልብስ ማስጫ ይሆናል!

ዘበኛው፦ እንዴት እረሳለሁ? የኔዋን መደብ ባይነኩብኝ ነው ጸሎቴ። እዚህ ታምሜ ተኝቼ እህል አልወርድ ሲለኝ፣ አፌን የከፈተልኝ እፍኝ እንጆሪ ነው። ተመስገን ብዬ ለታማሚዎቹ የተከልኳት ናት።

አትክልተኛው፦ ያቺ አጥር ጥግ ያለችው? ጥቁሯ፣ ደቃቃዋ? እሷስ በጸሎት ካልሆነ በሳይንስ አትድንም። አምጣው! (ፖስታውን ቀዶ) «ናሙና ሀ፣ ለጤና የሚበጁ ንጥረ ነገሮች፣ የናሙና ለ ሦስት እጥፍ።» ሦስት እጥፍ! አላልኩህም?

ዘበኛው፦ ጋሼ፣ «ሀ» ማለት…

አትክልተኛው፦ አታቋርጠኝ! ዋናው ዘሩ ነው። እንጆሪ ሁሉ እንጆሪ መሰለህ? ከዚያ ቀጥሎ አስተዳደጉ። ዘር መርጦ፣ አስተዳደጉን ያወቀ ሰው እንዲህ ያፈራል። «ለ»ን የተከለ ሰው ግን ዘሩን ሳይጠይቅ የገዛ፣ ተክሉ የሚፈልገው ያልገባው፣ ደረቅ ሰው ነው! እንዲህ ያለ ሰው እንኳን እንጆሪ ጺምም ማብቀል የለበትም!

ዘበኛው፦ (የአትክልተኛውን ጺም እያየ) ኧረ ጋሼ፣ በራስዎ አይፍረዱ!

አትክልተኛው፦ በራሴ ለምን እፈርዳለሁ? እኔ የምፈርደው ሌላ ሰው ላይ ነው። (ወረቀቱ ላይ እየጻፈ) «የባለሙያ አስተያየት፦ ለ ዛሬውኑ ይነቀል።»

ዘበኛው፦ ሳይፈርሙ አንዴ ብቻ…

አትክልተኛው፦ ፈረምኩ! ከነማዕረጌ! እንካ፣ ለኃላፊዋ አድርስ። አሁን የምትለውን በል።

ዘበኛው፦ (ወረቀቱን ተቀብሎ) ናሙናውን የወሰድኩት በሁለት ሳህን ነበር፤ በቀኝ እጄ የኔን፣ በግራዬ የእርስዎን። ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ ከቀኝ እጄ ጀምራ ነው ሀ፣ ለ ብላ የጻፈችባቸው።

አትክልተኛው፦ ቀኝህ… የትኛው ነው?

ዘበኛው፦ ይኼ፣ የማማትብበት።

አትክልተኛው፦ (አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ) ያቺን ችግኝ ማን መረጠልህ?

ዘበኛው፦ ችግኝ ሻጩ ነዋ። «ለታማሚ የሚጠቅመው ዘር የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ እሷን ሰጠኝ። «ከላይዋ አትሸፍናት፣ ፀሐይ ትይ» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። እርስዎስ ምን ብለው ጠየቁት?

አትክልተኛው፦ ፎቶ ላይ የሚያምረው የቱ ነው ብዬ። (እጁን ዘርግቶ) ያን ወረቀት መልስልኝ የኔ ወንድም። አንድ ቃል ብቻ ላስተካክል።

ዘበኛው፦ (ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ እየሄደ) አይ ጋሼ፣ አንድም ቃል አይንኩብኝ! በዕድሜዬ ባለሙያ እንዲህ መስክሮልኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ!