አጎቴን ለማሳለፍ የኮረጅነው

አስታማሚ የሚባል ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ራሴ አንዱ ስለሆንኩ ባማው ነውር የለብኝም። ለእኛ ሐኪም ፊት መቅረብ ማለት ለፈተና መቀመጥ ነው፤ ዘመድ ሲወድቅ ደግሞ ዝም ተብሎ አይታይም።

አጎቴ አቶ ማርቆስ ሲራመዱ መንገዳገድ አመጡ። ሾርባውንም ከእሳቸው ይልቅ ሸሚዛቸው ይጠጣው ጀመር። አምስት ዘመዶች በሁለት ባጃጅ ታጭቀን፣ ተጸልዮልን፣ ጂንካ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ወጣቷ ሐኪም ጣቷን ዘርግታ፣ «አባባ፣ መጀመሪያ አፍንጫዎን፣ ቀጥሎ የእኔን ጣት ይንኩ» አለቻቸው። የአጎቴ ጣት እየተንቀጠቀጠ ወደ ጆሯቸው አመራ። አክስቴ «ዝቅ! ዝቅ!» ብላ አንሾካሾከች። እኔ ከኋላ ክርናቸውን ደገፍ አድርጌ አፍንጫቸው ላይ አሳረፍኩላቸው። ኩረጃ ነው ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ለአጎት ያልኮረጁ ለማን ሊኮርጁ ነው?

ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ በቀጥታ መስመር ይራመዱ ሲባሉማ፣ ግራና ቀኝ ደግፈን እንደ ሙሽራ አሻገርናቸው። ግድግዳው ጋ ስንደርስ አጨበጨብን።

ሐኪሟ አላጨበጨበችም። «እናንተ ጤነኞች ናችሁ፤ አይቻችኋለሁ» አለች። «አሁን ልቀቋቸውና እሳቸውን ልያቸው።»

ለቀቅናቸው። በሦስተኛው እርምጃ ወደ ግራ አዘነበሉ፤ እሷ ቀድማ ያዘቻቸው። አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አሳፈርኳችሁ» አሉን።

«ኧረ አባባ!» አለች ሐኪሟ፣ አልጋው ላይ እያስቀመጠቻቸው። «ከመጣችሁት ስድስት ሰዎች መሃል ያልዋሸኝ የእርስዎ እግር ብቻ ነው።»